ድሪቶ

እናቴ ከአዲስ አበባ ቶሮንቶ የገባችው በኅዳር ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ቀንና ሌሊቱ ገና ተዘባርቆባት ሳለ፣ ሶፋው ላይ የተውኩትን ሥራ በሁለት ጣቷ አነሣችና ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ለልጆቼ ካጠሩ ሸሚዞች፣ መሐሉ ከሳሳ አንሶላ፣ ከአንድ የሚዜ ቀሚስ ገበር የተቆረጡ ካሬዎች ናቸው፤ ጎን ለጎን ተሰፍተው የአንድ አልጋ ግማሽ ያህላሉ። ገልብጣ ጀርባውን አየች። መገጣጠሚያውን በጥፍሯ ሳብ አድርጋ ፈተሸች። ከዚያ ባለቤቴ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምነው ልጄ፣ ድሪቶ መደረት ጀመርሽ? ይህን ያህል ቸግሯችኋል እንዴ?» አለችኝ።

እየቀለደች አልነበረም። ፈረንጆቹ ኪልት እንደሚሉት፣ ለአልጋ ልብስ እንደሚሆን፣ ሙዚየም ውስጥ እንደሚሰቀል፣ በእጅ የተሰፋው ከሺህ ዶላር በላይ የሚሸጥበት ጊዜ እንዳለ ነገርኳት። አዳመጠችኝ። «ድሪቶ በሺህ ዶላር» አለችና ጨርቁን አጣጥፋ ወደ ቦታው መለሰችው። እንግዳ ሲመጣ ግን በሩ ሳይከፈት አንሥታ መኝታ ቤት ትከተው ጀመር።

ስለ ኪልት ለአማርኛ አንባቢ መጻፍ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን የሚጠራ ቃል አጥተን አይደለም፤ ያለን ቃል ይከብዳል። ደረተ ማለት ጨርቅ በጨርቅ ላይ ደርቦ ሰፋ፣ ቀዳዳን በቁራጭ ሸፈነ ማለት ነው። ድሪቶ ደግሞ መጣፊያው በዝቶ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደነበረ የማይለይ ልብስ ነው። የሰው ጽሑፍ ለማጣጣል ስንፈልግ እንኳ «ደረተው» እንላለን፤ ድርሰቱን በአንዲት ፊደል ድርተት አድርገን እናወርደዋለን። ድሪቶን ወድደው የሚለብሱ መናንያን አሉ፤ እነሱም የሚለብሱት የዓለምን ክብር ለመጣል በመሆኑ የቃሉን ሃፍረት ያጸኑታል እንጂ አያነሡለትም። እናቴ ያደገችው ነጭ ልብስ የሰው መለኪያ በሆነበት ቤት ነው። ያለቀ ጨርቅ ወለል መወልወያ ይሆናል፣ ድስት ማውጫ ይሆናል። ሳሎን ውስጥ አይዘረጋም።

ታሪኩን ወደ ኋላ ብንከተለው ግን ሌላውም አገር ከሃፍረት ነው የተነሣው። በሰሜን ጃፓን ጥጥ ብርቅ በነበረባቸው መንደሮች ገበሬዎች ሰማያዊ ልብሳቸውን ትውልድ እስኪሻገር ይደርቱት ነበር፤ ቦሮ ይባላል፤ ጃፓን ስትበለጽግ ሰው የደበቀው ነገር ነው፣ ዛሬ የጨርቅ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። የቤንጋል እናቶች ያረጁ ሳሪዎችን ደራርበው በጥቃቅን ስፌት ይወጉና ካንታ የሚሉትን ልብስ ያወጣሉ። አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ በምትባል የወንዝ ዳር መንደር የሚኖሩ፣ የባርያ ልጅ ልጆች የሆኑ ሴቶች ጉልበቱ ካለቀ የሥራ ሱሪ ኪልት ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸው በሂውስተን የጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አወጣላቸው። ጨርቁን ሲሰፉት ዓላማቸው ንፋስ መከላከል ነበር፤ የቤታቸው ግድግዳ ያስገባ ነበርና።

ቶሮንቶ መሐል ከተማ፣ ሴንተር ጎዳና ቁጥር 55፣ የካናዳ የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ከ15,000 በላይ ዕቃ ይዟል። እናቴን ልወስዳት አሰብኩና ተውኩት። በግድግዳ የተሰቀለ ድሪቶ አሳይቼ አልረታትም። የሚረታት ካለ ሥራው ራሱ ነው፤ እሷ ሙያ ታውቃለች።

ኪልት ሲባል ዓይን የሚይዘው ከላይ ያለው የቁርጥራጭ ጥምረት ነው። ጠቅላላ ልብሱ ግን ሦስት ንብርብር ነው፦ ከላይ የተገጣጠመው ፊት፣ ከሥር አንድ ወጥ ጨርቅ፣ በመሐል ደግሞ እንደ ባዘቶ የሳሳ የጥጥ ወይም የሱፍ ንጣፍ። ሦስቱን አንድ የሚያደርገው ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ስፌት ነው፤ ኪልቲንግ የሚባለውም ይህ ስፌት ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። የሚያሞቀን ጥጡ ይመስለናል። የሚያሞቀን በጥጡ መሐል ታግቶ የቆመው አየር ነው፤ የቆመ አየር ሙቀትን አሳልፎ ለመስጠት ሰነፍ ነውና። ጋቢም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ አራት ንብርብር ሸማ፣ በመሐላቸው ሦስት ስስ የአየር ንጣፍ። ጋቢ የረጠበ ዕለት የማያሞቀው ውኃው ያን አየር ስለሚያስወጣው ነው።

ልዩነቱ፣ የጋቢ ንብርብር የተሸመነ ስለሆነ ከቦታው አይሸሽም። የኪልቱ ባዘቶ ግን ልቅ ነው። ካልተሰፋ ሲታጠብ ተንከባሎ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ስለዚህ ያ አበባና ማዕበል የሚመስል ስፌት ሁሉ ከጌጥነቱ በፊት እስር ነው። የባዘቶው መጠቅለያ ላይ አምራቹ በአንድ ስፌትና በሚቀጥለው መካከል ሊኖር የሚችለውን ትልቁን ርቀት ይጽፋል፤ አንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ አንዳንዱ 25 ይላል። ጥሩ ሰፊ ጌጡን የምታወጣው በዚህ ገደብ ውስጥ ነው።

ፊቱን መገጣጠም የሒሳብ ሥራ ነው፤ ሒሳቡም ምሕረት የለውም። የተለመደው የስፌት ትርፍ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ረድፍ 20 ካሬ ቢኖር 19 መገጣጠሚያ ይኖራል። በእያንዳንዱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ብንስት ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚበላ 2 ሚሊ ሜትር ይጠፋል፤ ረድፉ ሲያልቅ 38 ሚሊ ሜትር አጥሯል። የሚቀጥለው ረድፍ በትክክል ከተሰፋ ሁለቱ አይገናኙም። የመጀመሪያዬ ኪልት እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልጄ አሁንም «ፈገግ ያለው» ይለዋል።

ሌላው ነገር ድርና ማግ ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ከቶሮንቶ ጀማሪ ሰፊ ይልቅ ቀድሞ ይገባዋል። ጨርቅ በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ሲሳብ ይጸናል፤ በሰያፍ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ምክንያቱም ክሮቹ እንደ መቀስ ይከፈታሉ። በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ በእጅ ላይ እያለ ያድጋል። የሴት አያቴ ነጠላ ስትገዛ ማዕዘኑን ይዛ በሰያፍ ትስብና ወደ ቦታው መመለሱን ታይ ነበር፤ ሸማኔው እየሳቀ ይታገሣታል። እኔ ይህን በትምህርት ያወቅሁት እዚህ፣ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሚሰጥ ነጻ የስፌት ኮርስ ነው። መቁረጫውም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1979 ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የፒዛ መቁረጫ የሚመስል ክብ ምላጭ አወጣ፤ በመቀስ አንድ በአንድ ሲቆረጥ የነበረው ስድስት ንብርብር ጨርቅ አሁን በአንድ ግፊት ይቆረጣል። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነፃ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጊዜን ካነሣን ዘንዳ እዚህ ትንሽ ልቆይ። ኪልት ለምን በቁራጭ ይሠራል? ጨርቅ ስለሚያጥር ብቻ አይደለም፤ ጊዜም የሚገኘው በቁራጭ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ጁዲት ብራውን የተባለች የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጣች። በየኅብረተሰቡ ሴቶች ላይ የሚያርፈው ሥራ የሚመረጠው በጉልበት አይደለም፣ ሕፃን እየጠበቁ ሊሠራ በመቻሉ ነው አለች። እንዲህ ያለ ሥራ ሐሳብን ሙሉ በሙሉ አይጠይቅም፣ ለሕፃኑ አደገኛ አይደለም፣ ከቤት አያርቅም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቢቋረጥ ሳይበላሽ ካቆመበት ይቀጥላል። የጥንት ጨርቅ አጥኚዋ ኤልዛቤት ዌይላንድ ባርበር በ1994 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ይዛ የሃያ ሺህ ዓመት የሴቶችን የክር ሥራ ተረከች።

ሐሳቡን ወደ እኛ አገር ወስዳችሁ ሞክሩት። ባዘቶ አባዝታ፣ እንዝርት አሽከርክራ የምትፈትለው ሴት ናት፤ ሸማ የሚሸምነው በአብዛኛው ወንድ ነው። እንዝርት ሕፃን ሲያለቅስ ይቀመጣል፣ ወጥ ሲገነፍል ይቀመጣል፣ ጎረቤት ሲጣራ በእጅ ተይዞ ይወጣል። ፈትሉ አይቀየምም። ሸማኔ ግን እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ድሩን ወጥሮ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያመላለሰ ነው፤ በየአምስት ደቂቃው ቢነሣ ጨርቁ ወጥነት ያጣል። ብራውን ሁሉንም አልፈታችውም፤ በሌሎች አገሮች የሴት ሸማኔ ሞልቷል። እንዝርቱን ግን አስረድታኛለች፤ አያቴ ለምን ሁልጊዜ ትፈትል እንደነበር፣ ለምን ደግሞ ፈትል የጨረሰችበት ቀን እንደማይታወስ። የአያቴ ልቃቂት ከአንድ ቀን የተቆረጠ ጊዜ አልነበረም። የብዙ መቶ ቀን ቅንጥብጣቢ ነበር።

የእኔም ጊዜ እንደዚያው ነው። የዳንፎርዝ ጎዳና ሰዎች ነን፤ ቤታችን የሐበሻ ምግብ ቤቶችና የቡና ሽታ ከሚበዙበት ሰፈር ጀርባ ነው። ጠዋት ልጆቹን አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ ከግሪንዉድ ጣቢያ የምድር ባቡር እይዛለሁ፤ እስከ ሴንት ጆርጅ ዘጠኝ ጣቢያ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የመድኃኒት ዕቃ አለ፦ መርፌ፣ ክር፣ አራት ካሬ ጨርቅ። ባቡሩ ብሮድቪውን እንዳለፈ ከመሬት ይወጣና ልዑል ኤድዋርድ ድልድይ ላይ የዶን ሸለቆን ያቋርጣል። ድልድዩን እ.ኤ.አ. በ1918 ሲሠሩት ከመንገዱ ሥር ለባቡር የሚሆን ወለል አስቀመጡለት፤ የምድር ባቡሩ የመጣው በ1966 ነው። እኔ ለዚያ አርቆ አሳቢ መሐንዲስ የማመሰግነው ሌላ ነው፤ ከመስኮቱ የቀን ብርሃን የሚገባው በዚያ ድልድይ ላይ ነውና መርፌ ክር የማስገባው እዚያ ነው። ካመለጠኝ እስከ ማታ ይቆያል። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ረድፍ ይወጣኛል። ማታ ደግሞ የቤት ሥራ፣ ምሳ ዕቃ ማጠብ፣ «አንሶላው ላይ ወተት ደፋ» የሚል ክስ፣ ከዚያ ልጆቹ ሲተኙ ሃያ ደቂቃ በማሽን። ከሦስት ሰዓት በኋላ ማሽን አይነካም፤ ከታች ያሉት ጎረቤታችን ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይመቱታል።

የእኚህ ጎረቤት ጉዳይ ግን በጠብ አልቀረም። አንድ ቀን ሊቆጡ ወጥተው ጨርቁን አዩና ቁጣውን ረሱት። በኦንታሪዮ ገጠር ያደጉ የሰማንያ ዓመት እናት ናቸው። በእናታቸው ዘመን ጎረቤት ሴቶች ኪልቱን አራት ማዕዘን ጣውላ ላይ ወጥረው፣ በአራቱም ጎን ተደርድረው፣ በአንድ ቀን ይጨርሱት እንደነበር አጫወቱኝ። ደቦ ነው አልኳቸው፤ ቃሉን ወደዱት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የካናዳ ሴቶች በቀይ መስቀል በኩል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኪልቶች ሰፍተው በቦምብ ቤታቸው ለፈረሰ እንግሊዞች ልከዋል፤ የብዙዎቹ ጀርባ ላይ የካናዳ ቀይ መስቀል ስጦታ መሆኑን የምትናገር ትንሽ ጨርቅ ተሰፍታለች። ሰፊዎቹ ስማቸውን አልጻፉም። እኚህ እናት ደግሞ «ሎግ ካቢን» የሚባለውን ንድፍ አሳዩኝ፤ የግንድ ቤት ማለት ነው። መሐሉ ላይ ትንሽ ቀይ ካሬ ትቀመጥና ዙሪያዋን ቀጫጭን ጥብጣብ ጨርቆች ይከቧታል፣ በአንድ ወገን ብሩህ፣ በሌላው ጥቁር። ቀይዋ ምድጃዋ ናት ይላሉ፤ የብርሃንና የጥላው ክፍፍል የምድጃው ነው። በጣም ቀጫጭን ቁራጭ ስለሚበቃት የድሃ ንድፍ ናት።

በደቦው ዘመንና በእኔ ማሽን መካከል ግን ሌላ ታሪክ አለ፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ይህ ጽሑፍ የጡረተኛ ጨዋታ ብቻ ይሆንብኛል። ከከተማው መሐል ወደ ምዕራብ፣ ስፓዳይና እና ሪችመንድ ጎዳናዎች በሚገናኙበት ጥግ አንድ እንግዳ ሐውልት ቆሟል። እስቴፈን ክሩዝ የተባለ ቀራፂ እ.ኤ.አ. በ1997 ያቆመው ነው፦ በየመልኩ የተደረደሩ ግዙፍ ቁልፎች፣ ከላያቸው ደግሞ ጣትን ከመርፌ የምትከላከለው የብረት ቆብ። ሰው አጠገቡ ቆሞ ታክሲ ይጠብቃል። ሰፈሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት የቶሮንቶ የልብስ ፋብሪካ ሰፈር ነበር፤ አብዛኛው ሠራተኛ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1912 የካቲት ላይ ኢተን የተባለው ትልቅ መደብር በፋብሪካው ውስጥ አንድ ትእዛዝ አወጣ። እስከዚያ የካፖርት ገበር በእጅ የሚሰፉት ሴቶች ነበሩ። ከእንግዲህ ገበሩን ማሽን ላይ ያሉት ወንዶች ይስፉት፣ ተጨማሪ ክፍያ ግን የለም ተባለ። ሴቶቹ ሥራቸውን ያጣሉ ማለት ነው። ስልሳ አምስት ገደማ የሚሆኑ የማሽን ሠራተኞች እምቢ አሉ፤ የእህቶቻችንን እንጀራ አንዘጋም የሚል ነበር አቋማቸው። ተባረሩ። ከሺህ በላይ ሠራተኛ ተከትሎ ሥራ አቆመ። አድማው አራት ወር ያህል ቆይቶ ተሸነፈ።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስባለሁ። የጠቡ መነሻ ገበር ነው፤ ማንም የማያየው፣ በልብስ ውስጥ የሚደበቅ ስፌት። በቤት ውስጥ ሲሰፋ ዋጋ የለውም፤ ለልጅ ነው፣ ለባል ነው፣ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሲገባ በአንድ ጊዜ ዋጋ ያገኛል፤ ዋጋ ማግኘቱን የምናውቀውም ሊነጠቅ ሲል ነው። ዛሬ ስፓዳይና ላይ የቀሩት ጥቂት የጨርቅ መደብሮች ናቸው። ልብሳችን ከባንግላዴሽ፣ ከቬትናም፣ አንዳንዴም ከሐዋሳ ይመጣል። አንድ ጊዜ የልጄን ሸሚዝ ለኪልት ስቆርጥ ከአንገቱ ሥር «በኢትዮጵያ የተሠራ» የምትል ምልክት አገኘሁ። አልቆረጥኳትም፤ ካሬው መሐል ሆና ተሰፋች።

አሁን ወደ እናቴ ጋቢ ልምጣ። ከብዙ ዓመት በፊት የላከችልኝ ነው። ለብሰነዋል፣ አራስ ቤት ተጠቅልለንበታል፣ በመጨረሻ መሐሉ ሳስቶ ጣት ያሳልፍ ጀመር። የድሮ የኦንታሪዮ ሴቶች ባዘቶ መግዛት ሲያቅታቸው ያለቀ ብርድ ልብስ፣ አንዳንዴም ያረጀ ኪልት በመሐል ያስገቡ እንደነበር አንብቤያለሁ። የአንዳንድ አሮጌ ኪልት ፊት ሲቀደድ ከውስጡ ሌላ ኪልት ብቅ ይላል። እኔም ጋቢውን በመሐል አስገብቼ ልሰፋው ቆረጥኩ።

ማሽኑ ግን አልወደደውም። የልብስ ስፌት ማሽን ጨርቅን የሚስበው ከሥር ባሉ የብረት ጥርሶች ነው፤ ጥርሶቹ የሚይዙት የታችኛውን ንብርብር ብቻ ነው። የላይኛው በማሽኑ እግር ተጭኖ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለት ቀጭን ጨርቅ ሲሆን ልዩነቱ አይታወቅም፤ ፊት፣ አራት እጥፍ ጋቢና ጀርባ ሲሆን ግን አንዱ ሌላውን እየቀደመ መጨረሻ ላይ ይኮማተራል። መርፌውም ቁጥር 80 ነበር። በመርፌ ላይ ያለው ይህ ቁጥር ውፍረቱ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ሲለካ ነው፤ 80 ማለት 0.8 ሚሊ ሜትር። በሦስተኛው መስመር ላይ ተሰበረና ስባሪው ጉንጬን አልፎ ሄደ። ቁጥር 100 ለመግዛት ወጣሁ። ስመለስ ደግሞ ሌላ ጥፋቴን አየሁ፦ ቀዩን ጨርቅ ሳላጥብ ነው የሰፋሁት፤ ረጥቦ የነበረ የሕፃን የለሃጭ ጨርቅ ተቀምጦበት ቀለሙ ነጩ ላይ ለቅቋል። ሐምራዊ ጉድፍ ነው፣ የእጅ መዳፍ ያህላል። ትቼዋለሁ።

ልብስ ሰፊዎች እንዲህ ያለውን ንብርብር ከማሽን በፊት ይሸልሉታል፤ በሰፋፊ የእጅ ስፌት ለጊዜው አያይዘው፣ ዋናው ስፌት ሲያልቅ ክሩን ይመዙታል። ከአርበኞቹ ሽለላ ጋር ዝምድና የለውም፣ ምንም እንኳ ወለል ላይ ተንበርክኮ ሁለት ሜትር ኪልት መሸለል ትንሽ ፉከራ የሚጠይቅ ቢሆንም።

ቁርጥራጭ ተጋጥሞ ትልቅ ነገር የሆነበት ትልቁ የካናዳ ምሳሌ «የወገንነት ኪልት» ብለን ልንጠራው የምንችለው ሥራ ነው። እስተር ብራያን የምትባል የኦንታሪዮ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1998 ጀመረችው፤ በ2005 ተጠናቆ ለሕዝብ ታየ። 36 ሜትር ይረዝማል፣ ቁመቱ 3.5 ሜትር ነው። ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ 71 የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ 192 ከየዓለሙ አገር የመጡ ሰዎች። ኢትዮጵያም አለችበት፣ ኤርትራም፣ ካናዳ ውስጥ ሰው ያላት አገር ሁሉ አለችበት። ከአቆስጣ ቆዳ እስከ ቢራቢሮ ክንፍ የገባበት ጨርቅ ነው። እኔን ግን ከመጠኑ ይልቅ የቤት አሠራሩ ነው የሚያስደንቀኝ። እያንዳንዱ ክፍል በየሰው ሳሎን፣ በየሰው ትርፍ ሰዓት የተሠራ ነው። በትልልቅ በዓላት የሚነገረውን የአንድነት ንግግር አልወድም። ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት የተለያየ ውፍረት ያለው ጨርቅ ሳይኮማተር አንድ ላይ መስፋት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ግን አሁን አውቃለሁ።

ከዚያ ይልቅ እናቴን የገረማት ሌላ ነበር። አንድ የበረዶ እሑድ ልጆቹ የዳይኖሰር አጥንት ካላየን ብለው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ገባን። ይህ ሙዚየም ከዕቃዎቹ መካከል በጎንደር ዘመን ከሐር የተሠራ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ እንዳለው በመንገድ ላይ አጫወትኳት። ዘመዱ የሆነው ሌላው መጋረጃ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ ምርኮ ጋር የሄደ። የተሠሩት በሸማኔ ዕቃ አይደለም፤ ክሩ በብዙ ትናንሽ ባለ ቀዳዳ ገበታዎች ውስጥ አልፎ፣ ገበታዎቹ እየተገለበጡ ነው የተሸመኑት፤ በዚህ ዘዴ የሚወጣው ጨርቅ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ ለቀበቶና ለጥብጣብ ይሆናል። በዚህ ዘዴ ለመቅደስ የሚሆን መጋረጃ ማውጣት ምን ያህል ክርና ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት። እናቴ ዝም ብላ ሰማችና፣ «ጋቢም እኮ ሁለት ጠባብ ነው፤ መሐሉ ላይ ይጋጠማል» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «መጋጠሚያውን የምንሰፋው ደግሞ እኛ ነን፤ ሸማኔው ቆርጦ ነው የሚሰጠን።»

በዚያው ሳምንት ማታ ኪልቱን ልሸልል ወለሉን ጠርጌ ጀርባውን ዘረጋሁ፣ በላዩ ጋቢውን፣ በላዩ የተገጣጠመውን ፊት። እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና ታይ ነበር። ጋቢውን ለየችው። ትቆጣለች ብዬ ሰጋሁ። ተነሥታ መጣች፣ ጠርዙን አንሥታ ጥለቱን በጣቷ ተከተለች፣ የሳሳውን ቦታ አገኘች።

«ለማን ነው?»

«ለትልቁ።»

«እሱ ኳስ ተጫዋች ያለበትን አይደል የሚፈልገው?»

«አዎ።»

«በዚህ በኩል ደግሞ አጥሯል» አለች። እውነቷን ነው፤ በአንድ ጎን ጋቢው ከፊቱ አንድ ስንዝር ጎድሏል። እኔ በስፋት ለክቼ በቁመት ረስቻለሁ። ባዘቶ ገዝቼ እቀጥልበታለሁ አልኩ። መልስ አልሰጠችኝም፤ መኝታ ቤት ገብታ ሻንጣዋን ከፈተች። ስትመለስ ያረጀ ነጠላ ይዛ ነበር፣ ለቤት ውስጥ የምትከናነበው። ቁመቱን በክንዷ ለካች፣ አራት አጠፈችው፣ ከጋቢው ጠርዝ ጋር አገጣጠመችው።

«ዓይኑ ሰፊ የሆነ መርፌ የለሽም?»

ቁጥር 100ውን አሳየኋት፤ የማሽን ነው፣ ዓይኑ ጫፉ ላይ ነው፤ አገላብጣ አየችና መለሰችልኝ። ከመድኃኒት ዕቃዬ የእጅ መርፌ አወጣሁላት። ተንበርክካ መደረት ጀመረች። ስፌቷ ከእኔ የረዘመና የቀና ነበር። ዳር ስትደርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችውና የመጨረሻውን ጫፍ በጣቷ ጫነችው። «በይ አሁን ሸልዪው» አለችኝ፣ «እኔ ጉልበቴ አሞኛል።»